ቨርጂኒያ ውስጥ ዝቅተኛው የመኪና ኢንሹራንስ ይበቃል ወይ?

ወንድማችን፣ አሌክሳንድሪያ በቅርቡ እንደገቡና ያገለገለ መኪና እንደገዙ ጽፈዋል፤ ሕጉ የሚያስገድደው ዝቅተኛው ኢንሹራንስ ይበቃ እንደሆነም ጠይቀዋል። ታርጋ ለማውጣት ይበቃል። አደጋ ሲደርስ ግን ላይበቃ እንደሚችል ከኪሴ ከፍዬ አውቄዋለሁ።

ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ቨርጂኒያ የምትጠይቀው ለአንድ ሰው ጉዳት 50,000 ዶላር፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱት ሁሉ 100,000፣ ለንብረት ደግሞ 25,000 ነው። አገር ቤት ሦስተኛ ወገን የምንለው ማለት ነው፤ እርስዎ ለጎዱት ይከፍላል እንጂ የእርስዎን መኪና አያስጠግንም።

በ2023 ኖቬምበር፣ ዝናብ እየጣለ፣ አመሻሽ ላይ ከሥራ ስመለስ 395 አውራ ጎዳና ላይ መኪናዋ ተንሸራታ አልቆም አለችኝ። የፊቴን መኪና ገጨሁት፤ እሱም ተገፍቶ ከፊቱ ያለውን ገጨ። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልተጎዳም። ያኔ ዝቅተኛው የንብረት ሽፋን 20,000 ነበር፤ የሁለቱ መኪኖች ጉዳት 31,000 ሆነ። ኢንሹራንሱ ድርሻውን ከፍሎ ወጣ። ቀሪውን 11,000 የሚጠይቀው ደብዳቤ በእኔ ስም ሲመጣ ባለቤቴ የልጃችንን ወተት እያሞቀች ነበር፤ ምድጃው አጠገብ ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ለእርሷ የነገርኳት ግን በማግስቱ ነው። በወር 300 ዶላር ልከፍል ተስማማሁ። የእኔ መኪና ደግሞ ለቁርጥራጭ ተሸጠች።

ከዚያ ወዲህ የንብረት ሽፋኔን ወደ 100,000፣ የሰው ጉዳቱን ለአንድ ሰው ወደ 100,000፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱት ሁሉ ወደ 300,000 ከፍ አደረግሁ። የአረቦኑ ልዩነት ለእኔ በወር 19 ዶላር ነው። የእርስዎ ሊለይ ስለሚችል ሁለቱንም ዋጋ ጎን ለጎን አስጽፈው ይመልከቱ፤ እባክዎ ይህን ሳያደርጉ አይፈርሙ።

«500 ዶላር ለመንግሥት ከፍለህ ያለ ኢንሹራንስ ንዳ» የሚልዎት አይጠፋም። ያ አሠራር ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ቀርቷል፤ ቀድሞም ቢሆን ክፍያው ምንም ሽፋን አልነበረውም።

ኢንሹራንስ ሲቀይሩ አዲሱ መጀመሩን ሳያረጋግጡ አሮጌውን አያቋርጡ። መኪናውን ከሸጡም ኢንሹራንሱን ከማቋረጥዎ በፊት ታርጋውን ዲኤምቪ (ታርጋና መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት) ዘንድ ያዘጉ። ታርጋ ያለው መኪና ያለ ሽፋን ከተገኘ 600 ዶላር ቅጣት ያስከፍላል፤ መንጃ ፈቃድም ሊታገድ ይችላል። ኡበር ወይም ሊፍት ሊሠሩ ካሰቡ ደግሞ ለወኪሉ አስቀድመው ይንገሩ፤ የግል መኪና ውል ብዙ ጊዜ ያንን ሥራ አይሸፍንም።