ቧንቧው ለምን ወደ ላይ ተወነጨፈ? የመድረክ ጀርባ ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ የጀርባ ሸራችን የሚሰቀልበት ቧንቧ በማመጣጠኛ ብረቶች የሚሠራ ነው፤ ቧንቧውና ብረቶቹ በገመድ ተያይዘው እንደ ሚዛን አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። ትርኢቱ አልቆ ሸራውን ስንፈታ ቧንቧው በድንገት ወደ ጣሪያው ተወነጨፈ። ቧንቧውን የምናወጣበትና የምናወርድበት ገመድ ማቆሚያ ግን ተቆልፎ ነበር። ምን አጠፋን?

መልስ፦ ቅደም ተከተሉን ነው ያጠፋችሁት። ቧንቧው ወለሉ አጠገብ ሲሆን ብረቶቹ የተደረደሩበት መያዣ ጣሪያው ሥር ነው። ሸራው 120 ኪሎ ከሆነ ከላይም 120 ኪሎ ብረት ተቀምጧል። ሸራውን ቀድማችሁ ስትፈቱ ያ ሁሉ ብረት የሚመዝነው ነገር አጥቶ ይወርዳል፣ ቧንቧውም ወደ ላይ ይፈናጠራል። የገመዱ ማቆሚያ ፍሬን አይደለም፤ የተመጣጠነ ጭነት ካለበት እንዳይነቃነቅ ብቻ ነው የተሠራው።

ሲሰቀል ቧንቧው እስከ መጨረሻው ይወርዳል፣ ሸራው ይታሰራል፣ ብረቱ የሚጫነው ከዚያ በኋላ ነው። ሲወርድ ደግሞ መጀመሪያ ብረቱ ይነሣል፣ ሸራው ኋላ ይፈታል። በዚህ መንገድ የሚከብደው ወገን ሁልጊዜ ቧንቧው ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ታች ስላለ ከዚያ ወዲያ የሚወርድበት የለም።

ረጅም ሸራ ሌላ ወጥመድ አለው። ግማሹ ወለል ላይ ተኝቶ ሳለ ክብደቱን የሚሸከመው ወለሉ ነው። ሙሉውን ብረት በአንዴ ከጫናችሁ ከላይ ያለው ያይላል። ሸራው ከወለሉ እየተነሣ ሲሄድ ብረቱን በየደረጃው ጨምሩ።

ብረት በሚጫንበት ሰዓት ጫኚው ከሚቆምበት ከላይኛው ሰገነት ሥር ማንም አይቁም። ወደ ላይ የሚወጣው ሰው ስልኩንና ቁልፉን ታች ይተው፣ መፍቻውን በማሰሪያ ወገቡ ላይ ይሰር። ገመዱ ካመለጠ እባካችሁ ለመያዝ አትሞክሩ፤ መዳፍ ይልጣል፣ ሰውም አንጠልጥሎ ይወስዳል። «ከላይ!» ብላችሁ ጩኹና ሽሹ።

ጥያቄ፦ በትዕይንቶች መሃል መብራት አጥፍተን በ10 ሰከንድ ዲኮር እንቀይራለን። ተዋንያኑ እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ አንዷ ከመድረኩ ጫፍ ልትወድቅ ነበር። የእጅ ባትሪ እንስጣቸው?

መልስ፦ አይሆንም። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ የባትሪ ብልጭታ ያን ሁሉ ያበላሸዋል። ዲኮር የሚያነሡት ሰዎች ቀድመው በደብዛዛ ሰማያዊ መብራት ሥር ቆመው ይጠብቁ። መብራቶቹ ከጉልበት በታች ይሁኑ፣ ከተመልካች በኩልም ይሸፈኑ።

በደረጃ ጠርዝ፣ በዲኮር ማዕዘንና በመድረኩ ጫፍ ላይ በጨለማ የሚያበራ ቴፕ ለጥፉ። ቴፑ የሚያበራው ብርሃን ከጠጣ ብቻ ስለሆነ፣ ከትርኢቱ በፊት የሥራ መብራት ይብራበት። መተላለፊያ የሚያቋርጥ ገመድ ካለ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቴፕ ይሸፈን፤ እዚህም እዚያም ጣል ጣል የተደረገ ቴፕ መካከሉን እንደ ወጥመድ ክፍት ይተወዋል።

ልምምዱን አትዝለሉ። ቅይይሩን መጀመሪያ በሙሉ ብርሃን ቀስ ብላችሁ፣ ቀጥሎ በሙሉ ብርሃን በፍጥነት፣ ከዚያ በሰማያዊው፣ በመጨረሻ በጨለማ ሥሩት። ማን ምን እንደሚያነሣና በየት በኩል እንደሚወጣ የተወሰነ ይሁን። የወለል መከፈቻ ካለ አጠገቡ ጠባቂ ሳይቆም በፍጹም አይከፈት።

ጥያቄ፦ ለጉም ደረቅ በረዶ እንጠቀማለን። ከመድረኩ ፊት ዝቅ ብሎ ባለው ጉድጓድ የሚቀመጡት ሙዚቀኞች ራሳችንን አመመን ይላሉ። ይገናኛል?

መልስ፦ በጣም ይገናኛል። ደረቅ በረዶ የሚተነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ነው፤ ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ወዳለው ቦታ ይፈስሳል። ሙዚቀኞቹን ዛሬውኑ አስወጧቸው። ጋዝ መለኪያው በተቀመጠ ሰው አፍንጫ ከፍታ ካልተተከለና አየሩን የሚስብ ማራገቢያ ካልተገጠመ ጉሙን አትልቀቁ። በረዶው ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ያለ ወፍራም ጓንት አይነካ። የተረፈውን ክዳኑ በጠበቀ ዕቃ አታስቀምጡ፤ ጋዙ መውጫ ሲያጣ ዕቃውን ያፈነዳዋል። ክፍት ሜዳ ላይ፣ ሰው በማይደርስበት ቦታ ተንኖ ይለቅ።