የድንኳኑ ቁልፍ፦ ለጅማ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ባለፈው ወር አንድ ጓደኛዬን ቀበርን። ስሙን አልጽፍም። በቁሙ እያለ ስሙ በማይክሮፎን ሲጠራ ከድንኳኑ ጀርባ ዞሮ ሣህን ይቆጥር የነበረ ሰው ነው። አናጢ ነበር፤ ሂርማታ ገበያ አካባቢ በርጩማ እየጠረበ አራት ልጆች አሳድጓል። ከሃያ ዓመት በላይ ደግሞ የእድራችን ንብረት ያዥ ነበር። እኔ ዕድሜዬን ላብራቶሪ ውስጥ የጨረስኩ ጡረተኛ ነኝና ስለ እሱም የማወራችሁ ከደም ጀምሬ ነው።

የተገናኘነው ሌሊት ነው። አንዲት ወላድ ደም እየፈሰሳት መጣች። ባሏና ወንድሞቿ በር ላይ ቆመው ደም የሚሰጥ ሰው ይለምናሉ። እሱ የመጣው የአንድ እድርተኛ አስከሬን ሊያስወጣ ነበር፤ ለቅሶውን ሰምቶ ገባና እጅጌውን ጠቀለለ። ቀዳሁለት። ሊሄድ ሲል «አሁን ይሰጣታል?» አለኝ። እውነቱን ነገርኩት፦ የተቀዳ ደም ለኤችአይቪ፣ ለጉበት ቫይረስ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝም ይመረመራል፤ ያ እስኪያልቅ የምትደማ ሴት አትጠብቅም። እሷን ያተረፋት ፍሪጅ ውስጥ የነበረው ሁለት ከረጢት ነው፤ ማን እንደሰጠው አላውቅም። ትንሽ አሰበና «እንግዲያው የኔ ለምትመጣዋ ነዋ» ብሎ ሄደ። በ3ኛው ወር ተመልሶ መጣ። ከዚያ በኋላ ቀርቶ አያውቅም።

ይህን የማነሳው እናንተን ስለማይ ነው። በዓል ሲደርስ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሳችሁ፣ በአንድ ቀን ብዙ ሆናችሁ ደም ትሰጣላችሁ። ደስ ይለኛል፤ ፎቶውንም አያለሁ። ነገር ግን ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጠው ቀይ ደም 35 ቀን ነው የሚቆየው። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት የሚባለው የደም ክፍልማ ከ5 ቀን አያልፍም። በዓሉ አልፎ ሁለት ወር ሳይሞላ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል፤ አዌቱን ተሻግራ በባጃጅ የምትመጣዋ ወላድ ደግሞ በዓል ጠብቃ አትመጣም። 18 ዓመት የሞላችሁ፣ ከ45 ኪሎ የማታንሱ፣ ጤነኞች ከሆናችሁ በየ3 ወሩ መስጠት ትችላላችሁ። ጓደኛዬ ደም የሰጠበትን ቀን የሚጽፈው በአናጢ እርሳስ፣ በእድሩ ደብተር ጀርባ ላይ ነበር። ከፊት ለፊቱ የድስትና የአግዳሚ ወንበር ቁጥር አለ።

ስለ ድስቱ ካነሳሁ አይቀር፦ የእኛ እድር ሙስሊምም ክርስቲያንም ያለበት ነው። የሁለቱ ድስት ለየብቻ ነው፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ ቀለም እጀታው ላይ ተቀብቷል። የቀባው እሱ ነው። አንድ ጊዜ በጥድፊያ ተቀላቅሎ ሲያገኘው ማንንም ሳይቆጣ ሁለቱንም መለሰና ከራሱ ቤት ድስት አመጣ። ሰው ሁሉ ንፍሮውን በላ፤ ከእኔ በቀር ነገሩን ያወቀ የለም።

«ይህን ሁሉ ሲያደርግ ቤቱስ?» ትሉ ይሆናል። እኔም ጠይቄዋለሁ። የእድር ስብሰባ ከምሽቱ 1 ሰዓት ካለፈ ተነስቶ ይሄዳል። «ልጆቼ እራት ሳይበሉ ይጠብቁኛል» ይላል፤ አንዳንዱ ያኮርፍበታል፤ እሱ አይመለስም። የሚወጣበት ሥራ ካለ ደግሞ ልጅ አስከትሎ ነው። ልጆቹ መቁጠር የተማሩት በእድር ሣህን ይመስለኛል። ሚስቱ ለአሥር ቀን ታማ በተኛች ጊዜ ቁልፉን ለሊቀመንበሩ አስረክቦ ቤቱ ገባ፤ ቡና አፍልቶ ሲያቀርብላት በዓይኔ አይቻለሁ። በእኛ ጊዜ ወንድ ይህን ቢያደርግ ይሳቅበት ነበር። ተሳቀበትም።

እኔ ሌላ ሰው ነበርኩ። ተረኛ ያልሆንኩበትን ሌሊት ሁሉ ላብራቶሪ አድሬ «ለሕዝብ ነው» እል ነበር። ትልቁ ልጄ አንድ ቀን የትምህርት ቤት ወረቀት ሊያስፈርም መጥቶ በማይክሮስኮፕ ላይ እንዳጎነበስኩ «ቆይ» አልኩት። ቀና ስል ሄዷል። ወረቀቱን ያ አናጢ ፈረመለት። ልጄ አሁን ሩቅ ነው፤ ሲደውል አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ እሱ ነበር።

65 ዓመት ሲሞላው «ከእንግዲህ አይቀዳልህም» አልነው። አልተከራከረም፤ በ3ኛው ወር መጣ፤ ሁለት ልጆቹን ይዞ። እሱ በር ላይ ተቀምጦ ጠበቃቸው።

የሞተው ንጋት ላይ ነው። ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ድንኳን ቶሎ መተከል አለበት፤ ግምጃ ቤቱ በር ላይ ደርሰን ለካ ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ሃያ ዓመት ሙሉ ጠይቀን አናውቅማ። ጎረምሶቹ ጓጉንቸሩን እንስበረው ይላሉ፣ ሽማግሌዎቹ ነውር ነው ይላሉ። በዚህ መሀል የመጨረሻ ልጁ ዓይኗ አብጦ መጣች፤ ቁልፉን ከሻሿ ጫፍ ፈትታ ከፈተች። ድንኳኑ ሲወጣ፣ ወንበሩ ሲወጣ ደብተሩን ይዛ በር ላይ ቆማለች። አባቷ ገና እቤት ነው፤ እሷ ትቆጥራለች።

«ካለፈው ለቅሶ 12 ሣህን አልተመለሰም» አለች፣ ማንንም ሳታይ።

ስምንቱ እኔ ቤት ነበሩ።