ድራፍት፣ ነፃ ተጫዋች፣ የደመወዝ ጣሪያ፦ የጠየቃችሁኝን ልመልስ

ሰሞኑን የኤንቢኤ፣ የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ጨዋታ ለማየት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል የሚነሱ ልጆች በሰፈራችን በዝተዋል። ጠዋት እዚህ ባሕር ዳር ፔዳ ግቢ አጠገብ ቡና ስንጠጣ ዓይናቸው ቀልቷል፤ ጥያቄያቸው ግን አያልቅም። «ያላችሁን ጻፉልኝ፣ የቻልኩትን ሁሉ እመልሳለሁ» አልኳቸው። የእግር ኳስ ክለባችንን፣ ባሕር ዳር ከተማን፣ የሚደግፉትም ገቡበት። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

ጋሼ፣ ድራፍት ሲባል እኛ የምናውቀው በብርጭቆ የሚቀዳውን ነው። ይሄኛው ምንድን ነው?

አዲስ የሚገቡ ተጫዋቾችን ክለቦች በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። ልጁ ክለብ አይመርጥም፣ ክለቡ ነው እሱን የሚመርጠው። መጀመሪያ የተደረገው በ1936 በኤንኤፍኤል ነው፤ አሜሪካኖች «ፉትቦል» የሚሉት፣ ኳሱን በእጅ ይዘው የሚሮጡበት ጨዋታ ሊግ ነው። በርት ቤል የሚባል የፊላደልፊያ ክለብ ባለቤት ነበር ሐሳቡን ያመጣው። ጥሩ ጥሩው ልጅ ሁሉ ወደ ሀብታሞቹ እየሄደበት ተቸግሮ፣ «መጨረሻ የወጣው መጀመሪያ ይምረጥ» አለ። የሚገርመው፣ ያን ዓመት አንደኛ የተመረጠው ጄይ በርዋንገር በገንዘብ ሳይስማማ ቀርቶ በሊጉ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም።

መጨረሻ መውጣት ካስሸለመማ ሆን ብለው አይሸነፉም?

ይሞክራሉ እንጂ! ኤንቢኤ በ1985 መጀመሪያ የሚመርጠውን በዕጣ የሚለይ ሎተሪ ያመጣው ለዚህ ነው። በ2019 ደግሞ አሻሽለውት መጨረሻ ለወጡት ሦስት ክለቦች እኩል 14 በመቶ ዕድል ሰጧቸው። ስለዚህ የመጨረሻው መጨረሻ መሆን ያን ያህል አያዋጣም። በ2025 ዳላስ 1.8 በመቶ ዕድል ይዞ አንደኛ ወጣለትና ኩፐር ፍላግን ወሰደ።

ዘግይቶ የተመረጠ ልጅ ተስፋ የለውም ማለት ነው?

የኤንቢኤው ኒኮላ ዮኪች በ2014 የተመረጠው 41ኛ ነው። ሦስት ጊዜ የዓመቱ ኮከብ ተብሏል።

ነፃ ተጫዋች መሆን ከየት መጣ? ክለቦቹ በፈቃዳቸው ሰጡ?

በፍጹም። ነፃ ተጫዋች ማለት ውሉ አልቆ ወደፈለገው ክለብ መሄድ የሚችል ነው። ይሄን ጥያቄ የጠየቀው የፖሊ ተማሪ ነው፣ በደንብ ልመልስለት።

ድሮ በአሜሪካ ቤዝቦል ውል ቢያልቅም ተጫዋቹ የክለቡ ንብረት ሆኖ ይቀር ነበር። ኩርት ፍለድ ለሴንት ሉዊስ 12 ዓመት ተጫውቷል። በ1969 ሳይጠይቁት ለፊላደልፊያ አሳልፈው ሰጡት። «እኔ የሚገዛና የሚሸጥ ዕቃ አይደለሁም» ብሎ ከሰሰ። ዳጎስ ያለ ደመወዙን ትቶ፣ ጨዋታውን ትቶ ማለት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1972 ፈረደበት። እሱ ተሸነፈ፣ በሩ ግን ተነቃነቀ፤ በ1975 አንድ ገላጋይ ዳኛ ለሁለት ሌሎች ተጫዋቾች ፈርዶ ያ አሠራር ፈረሰ። ዛሬ በመቶ ሚሊዮን የሚፈርሙት ሁሉ የፍለድ ዕዳ አለባቸው ብዬ ነው የማምነው።

በአውሮፓ ደግሞ ቦስማን አለ። ቤልጂየማዊ እግር ኳስ ተጫዋች ነው። ውሉ አልቆ እንኳ ክለቡ የዝውውር ገንዘብ ካልተከፈለኝ አለቅም አለው። ታኅሣሥ 1995 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ፈረደለት። ዛሬ «በነፃ ሄደ» የምንለው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

የደመወዝ ጣሪያስ? ተጫዋች ለምን ይስማማል?

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ጣሪያው አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ በጠቅላላ የሚከፍለው ደመወዝ ገደብ ነው፤ ከሊጉ ገቢ ይሰላል። በኤንቢኤ ተጫዋቾች ከገቢው ግማሽ ገደማ እንዲያገኙ ማኅበራቸው ተደራድሮ ፈርሟል። ገቢ ሲያድግ ጣሪያውም ያድጋል። በ1984 ሲጀመር 3.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ ለ2025-26 154.6 ሚሊዮን ደርሷል። ወለልም አለው፤ ክለቡ ከጣሪያው 90 በመቶ በታች አውጥቶ ገንዘብ ልቆጥብ ማለት አይችልም። ይሄን ወለል ብዙ ሰው አያነሳውም፣ ለኔ ግን ከጣሪያው እኩል ነው።

የኤንኤፍኤል ጣሪያ ጥብቅ ነው፣ አይታለፍም። የኤንቢኤው ላላ ይላል። ለምሳሌ ክለብ የራሱን ነባር ተጫዋች ለማቆየት ከጣሪያው በላይ መሄድ ይችላል፤ ደንቡ በቀድሞው ኮከብ በላሪ በርድ ስም ይጠራል። ከመጠን ካለፈ ግን ከባድ ቅጣት ይከፍላል።

አውሮፓ ለምን ድራፍት የለም?

መውረድ ስላለ። አሜሪካ ውስጥ መጨረሻ የወጣ ክለብ በሚቀጥለው ዓመትም እዚያው ነው። በእግር ኳስ መጨረሻ የወጣ ይወርዳል፣ ታዲያ ማን ይሸለማል? የወጪ ገደብ ግን እነሱም ጋ አለ። ሜሲ በ2021 ከባርሴሎና የወጣው ክለቡ በስፔን ሊግ የደመወዝ ገደብ ውስጥ ሊያስመዘግበው ስላልቻለ ነው።

የኛስ ሊግ? ጣሪያ ወጥቶ አልነበረም?

ነበር። በ2011 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወሰነ። ክለቦች ከአቅም በላይ እየከፈሉ ስለነበር ሐሳቡ ይገባኛል። ግን ልዩነቱን እዩት። የአሜሪካኑ ጣሪያ በዋናነት የሚገድበው የክለቡን ጠቅላላ ወጪ ነው፣ ከገቢ ጋር ታስሮ፣ ሂሳቡ በግልጽ ታይቶ፣ ተጫዋቹም በማኅበሩ በኩል ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ። ሂሳብ ካልታየ ጣሪያ ማስከበር አይቻልም። ገንዘብ እንደ ውኃ ነው፤ ከፊት ብትዘጋው በጓሮ ይሄዳል። የሚጎዳውም ጎኑ ሰው የሌለው ልጅ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሂሳቡ ይታይ፣ የተጫዋቾች ማኅበር ይጠንክር፣ ከዚያ ስለ ጣሪያ እንነጋገር።

ለኛ ድራፍት ቢመጣ ባሕር ዳር ከተማ አይጠቀምም?

አልፈልገውም። የጣና ሞገዶቹ በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ ሲወጡ ድራፍት አላስፈለጋቸውም። የዚህ አገር ልጅ ሐይቁ ዳር አድጎ እዚሁ መጫወት ከፈለገ ዕጣ ወደ ሌላ ከተማ ሊወስደው አይገባም።

ልጄ 17 ዓመቱ ነው። ክለብ ፈርም ብሎታል። ምን ላድርግ?

እትዬ፣ እንኳን ጠየቁ። ባለፈው ዓመት አንድ የሰፈራችን ልጅ ደስ ብሎት እየሮጠ መጣ፣ ፈረምኩ ብሎ። ውሉን አሳየኝ አልኩት። የለውም። አራት ገጽ ፈርሞ አንድም ቅጂ አልሰጡትም። በስልኩ ያነሳው የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ነው፣ እሱም ላይ የደመወዙ ቦታ ባዶ ነበር። ሦስት ወር ሳይከፈለው ሲቀር የሚያሳየው ወረቀት አልነበረውም።

እርስዎ ይሄን ይያዙ። በፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከሦስት ዓመት በላይ ሊያስፈርሙት አይችሉም። ክለብ ያለ በቂ ምክንያት የሁለት ወር ደመወዝ ካልከፈለ፣ ተጫዋቹ በጽሑፍ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ውሉ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው ደግሞ ከሌላ ክለብ ጋር መፈረም ይፈቀድለታል። ባዶ ቦታ ያለበት ወረቀት ላይ እንዳይፈርም። ቅጂውን ሳይቀበል ከቢሮ እንዳይወጣ።

ቅዳሜ ከ10 ሰዓት በኋላ ቡናው ጋ አለሁ። ውሉን ይዘው ይምጡ፣ ልጁም ይምጣ፣ አብረን እናነበዋለን።