ቀለም ከመግዛትዎ በፊት ውሃውን ይፈልጉ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ግቢ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። የልጆቼ መኝታ ክፍል ግድግዳ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ሻግቷል፤ ቀለሙ ይላጣል፣ ነጭ ዱቄትም ያወጣል። የመታጠቢያ ቤቱ ኮርኒስ ደግሞ ጥቁር ነጠብጣብ ይዟል። አከራያችን «መስኮት ስለማትከፍቱ ነው፤ በራሳችሁ ወጪ አስቀቡት» አሉን። ወጪው የማን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ቀለሙን እንዳይገዙ። በልስንና በቀለም ሥራ ስኖር ብዙ ጊዜ የምጠራው ነሐሴ ላይ ተቀብቶ ጥቅምት ላይ የተላጠ ግድግዳ እንድመለከት ነው። ሻጋታ ያለ እርጥበት አይበቅልም፤ ወጪው የማን እንደሆነም የሚለየው እርጥበቱ ከየት እንደመጣ ሲታወቅ ነው። የእርስዎ ቤት ሁለት የተለያየ ችግር አለበት።

የመኝታ ክፍሉ እርጥበት ከመሬት የሚወጣ ይመስለኛል። ከቤት ውስጥ እንፋሎት የሚመጣ ሻጋታ የሚወደው የኮርኒስ ማዕዘንንና የቁም ሳጥን ጀርባን ነው፤ በጨርቅ ሲጠርጉት ይለቃል፣ ልስኑም አይፈረፈርም። እርስዎ ያዩት ነጭ ዱቄት ግን ጨው ነው፤ ውሃው ከአፈሩና ከግድግዳው አሟሙቶ ያወጣዋል፣ ሲተን ፊቱ ላይ ጥሎት ይሄዳል። በመዶሻ እጀታ ቀስ አድርገው ይምቱት፤ የባዶ ነገር ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ከግድግዳው ለቋል። ይህንን መስኮት መክፈት አያቆመውም።

አከራይዎ ካልተቀበሉ አንድ ክንድ የሚያህል ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽገው ሁለት ቀን ያቆዩት። ውሃው ከላስቲኩ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ካላበ ከግድግዳው የመጣ ነው፤ በክፍሉ በኩል ካላበ ከቤቱ አየር ነው። አከራይዎ ባሉበት ይለጥፉት፣ ባሉበት ያንሱት። ይህ ከብዙ ክርክር ያድናል።

ከዚያ ከግድግዳው ጀርባ ዞረው ይመልከቱ። የአበባ መደብ ተሠርቶ አፈሩ ከቤቱ ወለል በላይ ከፍ ብሎ፣ የአሸንዳው ቱቦም እዚያው ግድግዳው ሥር ሲያፈስ ብዙ ቤት አግኝቻለሁ። አፈሩ ከወለሉ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል ይነሣ፣ ቱቦው እስከ ቦዩ ይቀጠል፣ ግድግዳው ሥር ወደ ውጭ ያዘቀዘቀ ኮንክሪት ይፍሰስ። የተበላሸው ልስን ከእርጥበቱ መስመር ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይፈቅፈቅና ግድግዳው በበጋ በደንብ ይድረቅ፤ ልስንና ቀለም ከዚያ በኋላ ነው። እርጥብ ግድግዳ ላይ ጄሶ ወይም ዘይት ቀለም መቀባት ገንዘብ መጣል ነው።

ይህ ሁሉ የአከራይዎ ሥራ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይ ቤቱን ለተከራየበት አገልግሎት በሚመች ሁኔታ እንዲያቆይ ያስገድዳል። ውሉ ሌላ ካላለ በተከራይ ላይ የሚወድቀው የበር፣ የመስኮት፣ የቧንቧና የመሳሰለው አነስተኛ እድሳት ነው፤ በእርጅና የተበላሸ ከሆነ ግን እሱም አይወድቅበትም። ካልተመቻችሁ ውጡ እንባላለን ብለው ዝም እንዳይሉ፤ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ግድግዳውን ፎቶ አንሥተው ቀን ያለበት ደብዳቤ ይጻፉ፣ ቅጂው ላይም ያስፈርሙ። ችግሩን እያዩ ሳይናገሩ ከቆዩ በኋላ ጥፋቱ ወደ እርስዎ ሊዞር ይችላል።

በመታጠቢያ ቤቱ ግን አከራይዎ እውነት አላቸው፤ የሚከፈት መስኮት ካለው ማለቴ ነው። ከታጠቡ በኋላ ከፍተው ይተዉት፣ በክረምትም እርጥብ ልብስ ውስጥ አያስጡ። ነጠብጣቡን በውሃ በቀጠነ በረኪና፣ ጓንትና ጭምብል አድርገው ይጥረጉት፤ በረኪናን ከሌላ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይደባልቁ፣ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። መስኮቱ በምስማር የተመታ ከሆነ ወይም ጨርሶ ከሌለ ማስከፈቱ የአከራይዎ ነው።

ጥገናው እስኪጀመር ልጆቹ እዚያ ክፍል ባይተኙ ይሻላል። ሌላ ክፍል ከሌለ አልጋቸውን ዛሬ ማታ ከግድግዳው ያርቁ፤ ሻጋታውንም በደረቅ መጥረጊያ አይፈቅፍቁ፤ ብናኙ አየሩን ይሞላዋል።