የእናትዎ ክሬቲኒን መጨመርና የግፊት መድኃኒቱ

እናትዎ ለደም ግፊት ኢናላፕሪል ከጀመሩ በኋላ ክሬቲኒናቸው (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ፤ ማጣራቱ ሲቀንስ በደም ውስጥ ከፍ ይላል) ከ0.9 ወደ 1.1 ከፍ ስላለ «መድኃኒቱን ላስቁማቸው ወይ?» ብለው ጠይቀዋል፤ ለጉልበታቸውም ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ እንደሚወስዱ በመጨረሻው መስመር ላይ ጠቅሰዋል። እኔን ያስደነገጠኝ ያ የመጨረሻው መስመር ነው፤ የአባቴም ጣጣ የጀመረው ከዚያው ነበርና።

አንደኛ፣ ያለ ሐኪም ኢናላፕሪሉን አያስቁሙ። ጤናማ ኩላሊቶች በደቂቃ 125 ሚሊ ሊትር፣ በቀን ወደ 180 ሊትር ገደማ ያጣራሉ፤ ግፊት ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ይህ መጠን አብሮ ቢዋዥቅ ኖሮ የሰውነት ውኃና ጨው ሚዛኑን በሳተ ነበር። ስለዚህ አማካይ የደም ግፊት ከ80 እስከ 180 ባለው ክልል ውስጥ እስከሆነ ድረስ ኩላሊት ፍጥነቱን ራሱ ያስተካክላል። ግፊት ሲጨምር ደም ወደ ማጣሪያው የሚያስገባው ቀጭን የደም ሥር ይጠብባል፤ ሲቀንስ ይሰፋል። ደግሞም እያንዳንዱ የሽንት ቱቦ ዞሮ የራሱን ማጣሪያ የሚነካበት ቦታ ስላለ፣ እዚያ ያሉ ሕዋሳት የሚያልፈውን ጨው ይለካሉ፤ ጨው ከበዛ መግቢያውን ያጠብባሉ፣ ካነሰ ደግሞ ያሰፋሉ፣ ሬኒን የተባለ ንጥረ ነገር እንዲመነጭም ያደርጋሉ። ከሬኒን ተነሥቶ የሚፈጠረው አንጂዮቴንሲን የተባለ ሆርሞን በይበልጥ የሚያጠብበው መውጫውን፣ ማለትም ደም ከማጣሪያው የሚወጣበትን ቀጭን የደም ሥር ነው፤ የውኃ ጎማ ጫፉ ሲጨበጥ ከኋላ ግፊት እንደሚጠራቀም ሁሉ፣ የማጣሪያው ግፊት እንዳይወርድ ያደርጋል። ኢናላፕሪል አንጂዮቴንሲን እንዳይፈጠር ስለሚያግድ መውጫው ይላላል፣ የማጣሪያው ግፊት ዝቅ ይላል፣ ክሬቲኒንም ጥቂት ከፍ ይላል። ሐኪሞች በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም የተባለ ማዕድን እስካልጨመረ ድረስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እስከ 30 ከመቶ የሚደርስ ጭማሪን የሚታገሡት ለዚህ ነው፤ የእናትዎ 22 ከመቶ ገደማ ነው።

ሁለተኛ፣ ዳይክሎፌናኩ። ሰውነት ውኃ ሲያጥረው መግቢያውን ክፍት አድርጎ የሚያቆየው ሰውነት ራሱ የሚሠራው ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚከለክሉት እርሱን ነው። አባቴ ኢናላፕሪልና የሚያሸና መድኃኒት እየወሰዱ፣ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ እየዋሉ፣ ለወገባቸው ብለው ዳይክሎፌናክ ገዙ። ሻጩ የጠየቃቸው «ባለ 50 ነው ባለ 100?» የሚለውን ብቻ ነበር። መግቢያው ጠበበ፣ መውጫው ላላ፣ ውኃውም አነሰ፤ ክሬቲኒናቸው 2.1 ገባ።

ሦስተኛ ልል የነበረው ስለ ካርድ ክፍል ነው፤ ይህን ሳስብ ግን አሁንም ደሜ ይፈላል። ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ የጤና ተቋም፣ የቀድሞው ውጤት ስንት እንደነበር ለማወቅ ካርዳቸው እንዲፈለግ ስንጠይቅ፣ በመስኮቱ ያለችው ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳ ሳታየን «ጠፍቷል፣ አዲስ አውጡ» አለችን። ለዓመታት የታከሙት ሰው በአንዲት ባዶ ካርድ ምንም ታሪክ የሌላቸው ታማሚ ሆኑ። ተረኛው ሐኪም ኢናላፕሪሉን ለጊዜው ማስቆሙ ባይከፋም፣ ምትክ የግፊት መድኃኒት ሳያዝና ስለ ሕመም ማስታገሻ ሳይጠይቅ «የቆየ የኩላሊት በሽታ ነው» ብሎ ሰደደን። የላይኛው ግፊታቸው 190 አለፈ፤ ዳይክሎፌናኩም እንደቀጠለ ነበር።

ካርድ ክፍሉ ያጣውን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ በባንክ ደብተራቸው ውስጥ ታጥፎ የተቀመጠ የላቦራቶሪ ወረቀት፣ ክሬቲኒን 1.2 ይላል። የኩላሊት ስፔሻሊስቱ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አይቶ በመጀመሪያ የጠየቀው ስለ ማስታገሻው ነበር። እርሱን አስቆመ፣ ፈሳሽ እንዲተካ አደረገ፤ ቁጥሩ ወደ 1.3 ከወረደ በኋላም ኢናላፕሪሉን መልሶ ጀመረላቸው።

እርስዎም ሁለቱንም ውጤቶችና እናትዎ የሚውጡትን ሁሉ ከነማሸጊያው ይዘው በዚህ ሳምንት ሐኪማቸው ዘንድ ይቅረቡ፤ በዳይክሎፌናኩ ፋንታ ፓራሲታሞል ይሆናቸው እንደሆነ ይጠይቁ፤ ክሬቲኒንና ፖታሲየማቸው መቼ እንደሚደገምም ቀኑን ያስጽፉ። ትውከት ወይም ተቅማጥ ከያዛቸው ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይደውሉ። እኔ ውጤት በተሰጠኝ ቁጥር ከላቦራቶሪው መስኮት ሳልርቅ ፎቶ አነሳለሁ፤ ከኋላዬ የተሰለፉት ያጉረምርሙ እንጂ።