መልስ፦ ኤክስፕረስካርድ ሊኑክስ ላይ ላፕቶፑን ሳያጠፉ ለመሰካት
ወንድሜ፣ ኡቡንቱ ሊኑክስ የጫንክበት አሮጌ ቲንክፓድ ላፕቶፕ የዩኤስቢ 3 ኤክስፕረስካርዱን (ጎኑ ላይ የሚሰካውን ተጨማሪ ካርድ) የሚያውቀው ጠፍቶ ሲነሳ ብቻ ነው ብለሃል። ካርዱ ደህና ነው፣ ድራይቨሩም (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) አለ። የጎደለው በመሃል ሲሰካ «እንግዳ መጣ» ብሎ ለከርነሉ (ለሊኑክስ እምብርት) የሚነግር ነው።

ኤክስፕረስካርድ በሁለት መንገድ ይሠራል፤ በዩኤስቢ 2 ወይም በፒሲአይ ኤክስፕረስ (በኮምፒውተሩ የውስጥ ፈጣን መስመር)። በዩኤስቢ የሚሄዱት ብዙም አያስቸግሩም። ያንተ ዩኤስቢ 3 ስለሆነ በፒሲአይ ኤክስፕረስ ነው የሚያልፈው፤ ጣጣውም እዚያ ነው።

ካርዱን ስካ። ተርሚናል ከፍተህ፣ ሩት (የሙሉ ሥልጣን ተጠቃሚ) ሆነህ፣ /ሲስ/በስ/ፒሲአይ (/sys/bus/pci) ስር ባለው ሪስካን (rescan) የሚባል ፋይል ላይ 1 ጻፍ። ከርነሉ እንደገና ይፈትሻል። ከዚያ ኤልኤስፒሲአይ (lspci) የሚለውን ትእዛዝ ስትሰጥ አዲስ የዩኤስቢ መቆጣጠሪያ ከመጣ አለቀ።

ዋናው ጥንቃቄ ስትነቅል ነው። የተሰካ ፍላሽ ካለ መጀመሪያ አንማውንት አድርግ (ከሲስተሙ አላቀው)። ቀጥሎ እዚያው /sys/bus/pci ስር ዲቫይስስ (devices) ውስጥ የካርዱን አድራሻ የያዘውን ፎልደር ፈልግና ሪሙቭ (remove) በሚለው ፋይል ላይ 1 ጻፍ። አድራሻውን ኤልኤስፒሲአይ ከመስመሩ መጀመሪያ ላይ ያሳይሃል። ዝም ብለህ መዥረጥ ካደረግከው ፋይልህ ጉድ ሊሆን ይችላል።

ፍጥነቱ ላይ ብዙ አትጠብቅ። የፒሲአይ ኤክስፕረሱ ሌን (የዳታ መስመር) አንድ ብቻ ስለሆነ በአሮጌዎቹ ላፕቶፖች ጣሪያው በሰከንድ 250 ሜጋባይት ገደማ ነው። ከዩኤስቢ 2 ግን በጣም ይፈጥናል።