ቁልፍ ስንል የትኛውን ማለታችን ነው? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ስለ ልብስ ስፌት ቀደም ሲል ባቀረብሁት ጽሑፍ ውስጥ «የሸሚዝ ቁልፍ» እና «አዝራር» የሚሉትን ቃላት እያፈራረቅሁ በመጠቀሜ፣ ከጎንደር ከተማና ከአካባቢዋ ከወትሮው የበዙ ጥያቄዎች ደርሰውኛል። ገሚሶቹ ስለ ቃሉ፣ ገሚሶቹ ደግሞ ስለ ዕቃው ራሱ የሚጠይቁ ናቸው። የሚመሳሰሉትን በአንድ ላይ አድርጌ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

*«የአራተኛ ክፍል ተማሪዎችን አስተምራለሁ። ቁልፍ የበር መክፈቻ ነው፤ በሩ ላይ የሚንጠለጠለው ብረትም ቁልፍ ነው፤ የሸሚዝም አለ፤ የኮምፒዩተርም አለ። አንድ ተማሪ 'አማርኛ ቃል አጥሮት ነው ወይ?' ብሎ ቢጠይቀኝ መልስ አጣሁ።» (መምህርት፣ ከአዘዞ)*

መልሱ «ቆለፈ» በሚለው ግስ ውስጥ ነው። አማርኛ ዕቃውን የሰየመው በሥራው ነው፤ በርም፣ ሳጥንም፣ ሸሚዝም ይቆለፋል፤ ስለዚህ ሁለት ጠርዞችን አገናኝቶ እንዳይላቀቁ የሚይዝ ነገር ቁልፍ ተባለ። ግሱ ከዕቃም አልፎ ይሄዳል፤ ጓደኛሞች እጅ ለእጅ ይቆላለፋሉ፣ የተወሳሰበ ነገር ተቆላለፈ ይባላል፣ ምስጢር ጠባቂም አፉን ይቆልፋል። ሌሎች ሕዝቦች ደግሞ በመልኩ ሰይመውታል። እንግሊዞች «በተን» የሚሉት ቃል ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ የተወሰደ ሲሆን፣ በፈረንሳይኛ «ቡቶን» ዛሬም የአበባ እምቡጥ፣ የልብስ ቁልፍና ፊት ላይ የሚወጣ ብጉር ማለት ነው። ሦስቱም ክብና አበጥ ያሉ ናቸውና። የማሽኑ ቁልፍ ግን ምንም ነገር ስለማይቆልፍ በግሱ ሊተረጎም አይችልም፤ በመልክ ከሸሚዙ ቁልፍ ጋር ስለተመሳሰለ ስሙን የወረሰ ይመስለኛል።

የትርጉሙ መብዛት ግን አንዳንድ ጊዜ ዋጋ ያስከፍላል። ኮቴ ሁለት ቁልፍ ጎድሎበት የጎረቤት ልጅ ጠርቼ «ሁለት ቁልፍ ገዝተህ ና» ብዬ ወደ ቅዳሜ ገበያ ላክሁት። ልጁ ከአንድ ሰዓት በኋላ ላቡን እየጠረገ መጣና ሁለት የብረት ቁልፎችን፣ እያንዳንዳቸውን ከነመክፈቻቸው፣ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረልኝ። «ጋሼ፣ ትልቁ ውድ ስለሆነ መካከለኛውን አመጣሁ» አለኝ። ያለ ስሕተቱ ልቆጣው አልቻልሁም፤ አንዱ ዛሬም የማዕድ ቤቴን በር ይጠብቃል።

ስለዚህ ለተማሪዎችዎ እንዲህ ለይተው ቢያስተምሩ ይጠቅማል። በበር ውስጥ ገብቶ የሚዞረው መክፈቻ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ቁጥር 19 ላይ ለጴጥሮስ የተሰጠው የመንግሥተ ሰማያት «መክፈቻዎች» ተብሎ ተጽፏል፤ በግእዙም «መራኁት» ነው፣ ነጠላው «መርኆ»። በር ላይ የሚንጠለጠለው ጓጉንቸር ቁልፍ ነው። (በኦሪት ዘጸአት ግብፅን የወረሩት ጓጉንቸሮች እንቁራሪቶች መሆናቸውን ልጆቹ ራሳቸው ያስታውሱዎታል።) የልብሱንና የማሽኑን ለመለየት ካስፈለገ ደግሞ አዝራር የሚለው ቃል አለልን።

*«አዝራር ዐረብኛ መሆኑን ሰምቻለሁ። ታዲያ ቃሉ በዐረብኛ ብዙ ቁጥር ከሆነ 'አዝራሮች' ማለት ስሕተት አይደለም?» (ዐረብኛ የሚማር ወጣት፣ ከፒያሳ)*

በዐረብኛ ነጠላው «ዚር»፣ ብዙው «አዝራር» ነው፤ የሰሙት ትክክል ነው። ቃሉ ወደ አማርኛ ሲገባ ግን በብዙ ቁጥሩ ገባና እኛ ዘንድ ነጠላ ሆነ። አንድን ቁልፍ አዝራር ካልን በኋላ ሁለቱን አዝራሮች ማለት በአማርኛ ሕግ የተገባ ነው። ከግእዝ ስለ ወሰድናቸው «መላእክቶች» እና «መጻሕፍቶች» ስለሚሉት ድርብ ብዙዎች ግን አቋሜ ሌላ ነው፤ መልአክና መጽሐፍ የሚሉት ነጠላዎች በአማርኛ በየቀኑ እየተነገሩ እያሉ ብዙውን እንደገና ማብዛት አላስፈላጊ ነው። «ዚር» የሚል አማርኛ ተናጋሪ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

*«የኮቴ ቁልፍ በየወሩ ይወድቃል። አዲስ ልገዛ ብሄድ ሻጩ 'ስንት ቁጥር?' አለኝ። ቁጥሩ ምንድን ነው?» (ጡረተኛ፣ ከአራዳ)*

ቁጥሩ «ሊኝ» የሚባለው የቁልፍ መለኪያ ነው። አንድ ኢንች 40 ሊኝ ስለሆነ፣ አንዱ ሊኝ 0.635 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የሸሚዝ ቁልፍ ብዙውን ጊዜ 16 ወይም 18 ሊኝ ነው፤ ይኸውም ከ10 እስከ 11 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። የኮት ፊት ቁልፍ ደግሞ በአብዛኛው 32 ሊኝ፣ ማለትም 20 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ቁልፉን በማስመሪያ ለክተው የሚሊ ሜትሩን ቁጥር ለ0.635 ቢያካፍሉ ለሻጩ የሚነግሩትን ያገኛሉ።

የሚወድቅበት ምክንያት ግን ቁጥሩ አይመስለኝም። የኮት ጨርቅ ወፍራም ስለሆነ ቁልፉ ከጨርቁ ጋር ተጣብቆ ከተሰፋ፣ በተቆለፈ ቁጥር ክሩ ይወጠራል፤ በቀዳዳዎቹ ጠርዝ እየተፈገፈገም ይበጠሳል። ጥንቁቅ ሰፊ ሲሰፋ ተመልክተው ከሆነ፣ በቁልፉና በጨርቁ መካከል የክብሪት እንጨት ያስገባል፤ በአራቱ ቀዳዳዎች ክሩን ደጋግሞ ካመላለሰ በኋላ እንጨቱን ይመዝዝና ቁልፉን ወደ ላይ ሳብ ያደርገዋል፤ ከሥሩ በታየው ልል ክር ላይም አምስት ስድስት ጊዜ ጠምዝዞ በጀርባው ይቋጨዋል። በዚህ መንገድ ቁልፉ አንገት ያወጣል፤ የላይኛው ጨርቅ በአንገቱ ዙሪያ ሳይጨናነቅ ያርፋል። የእርስዎ ሰፊ ይህን ካላደረገ ራስዎ ሊሠሩት ይችላሉ፤ ሥራው የቡና መፍያ ጊዜ እንኳ አይፈጅም።

*«ለመሥሪያ ቤታችን የማሽን አጠቃቀም መመሪያ እያዘጋጀሁ ነው። ቁልፍ፣ አዝራር ወይስ ማብሪያ ማጥፊያ ልበል?» (የቢሮ ሠራተኛ)*

ለመብራት ማብሪያ ማጥፊያ ከሚለው የተሻለ ስም የለም፤ ሰው ሁሉ የሚለውም እርሱን ነው። በኪቦርድ ላይ ያሉት ቁልፎች ናቸው። በስክሪን ላይ የሚታየውን አዝራር ቢሉት ከኪቦርዱ ይለይልዎታል። ከስሙ ይልቅ ግን ለግሱ ይጠንቀቁ፦ ከማሽኑ አካል ላይ ጎልቶ የወጣውን «ይጫኑ»፣ በስልክ ስክሪን ላይ ያለውን «ይንኩ»፣ በማውስ የሚታዘዘውን «ጠቅ ያድርጉ» ብለው ቢጽፉ፣ አንባቢው የትኛውን ማለትዎ እንደሆነ በግሱ ብቻ ይረዳል።

*«የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የኑክሌር ጦርነት የሚጀምርበት ቀይ ቁልፍ በእውነት አለ?» (ሁለት አንባቢያን)*

ፕሬዚዳንቱ የሚጫነው ቀይ ቁልፍ የለም። በሄደበት ሁሉ የሚከተለው መኮንን የያዘው ቦርሳ ውስጥ የጥቃት አማራጮችን የሚያሳዩ ሰነዶች ይገኛሉ፤ ፕሬዚዳንቱ ማንነቱን የሚያረጋግጥበት ኮድ ያለው ካርድ ደግሞ በቅጽል ስሙ «ብስኩት» ይባላል። ትእዛዙ ከመሬት ሥር ወደሚገኘው የሚሳኤል መቆጣጠሪያ ክፍል ሲደርስ፣ ሁለት መኮንኖች ተራርቀው ተቀምጠው በአንድ ጊዜ መክፈቻ ያዞራሉ። በእንግሊዝኛ ሁለቱ የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ በአማርኛ ግን «ቁልፍ አለ፤ የሚዞር እንጂ የሚጫኑት አይደለም» ብዬ ብመልስልዎ አልተሳሳትሁም።

*«ቁልፍ ሚና፣ ቁልፍ ጉዳይ፣ ቁልፍ ሰው ማለት ትክክል ነው?» (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከማራኪ)*

አጠቃቀሙ ከአውሮፓ ቋንቋዎች የመጣ ሲሆን ምሳሌው የበሩ መክፈቻ ነው። ስሕተት ነው አልልም፤ በአንድ አጭር ዜና ውስጥ ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ግን ይሰለቻል። ወሳኝ፣ ዋና፣ አንኳር የሚሉት ቃላት አሉን። እኔ የምወደው የሸማኔና የፈታይ ቋንቋ የሆነውን «ውል» ነው። የተጠቀለለ ድር ጫፉ የጠፋበት ሰው ውሉ ጠፋበት እንደሚባለው፣ «የነገሩ ውል ያለው እርሱ ዘንድ ነው» ቢሉ «ቁልፍ ሰው» ከማለት ይልቅ ጆሮ ይይዛል።

*«ልጄ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራው ላይ 'ቤሊ በተን' የሚለውን 'የሆድ ቁልፍ' ብሎ ተረጎመ።» (እናት፣ ከቅዳሜ ገበያ)*

እምብርት ማለት ነው። ይሁንና ሁለቱን ቃላት በየራሳቸው በትክክል ስለ ተረጎመ ሙሉ ዜሮ አይገባውም።

*«ትግርኛ ተናጋሪ ጎረቤቴ ሸሚዜን እያየ 'መልጎም' አለኝ። አፍህን ዝጋ ያለኝ መስሎኝ ተቀየምሁ።» (አንባቢ፣ ከዳባት)*

መልጎም በትግርኛ የልብስ ቁልፍ ነው። እርስዎን ያሳሳተዎት እኛ ከምናውቀው «ልጓም» እና «አፉን ለጎመ» ከሚለው አነጋገር ጋር ፊደሎቹ ስለሚገጥሙ ነው። ትግርኛም እንደ አማርኛ ዕቃውን በመዝጋት ሥራው የሰየመው ይመስላል። ጎረቤትዎ ሊነግርዎ የፈለገው ምናልባት ቁልፍዎ መፈታቱን ነበርና፣ ሄደው ቢያመሰግኑት መልካም ነው።